የካርቱም ሒሳብ እስኪዘጋ

«ካርቱም ሳይዘጋ ምንም አይዘጋም።»

ይህችን አነጋገር ከዋናው ሒሳብ ሹም አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ የሚያርስ፣ የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ እናትና አባቴ በድርቁና በጦርነቱ ዘመን ከጎንደር ቆላ በእግራቸው ተጉዘው ገቡ፤ እንደገቡ ቀሩ። አረብኛውን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛውን ከእናቴ ቁጣ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስናደድ አማርኛ ይቀናኛል፤ ስደምርና ስቀንስ ግን የሚመጣልኝ አረብኛ ነው። ይህ ነገር በኋላ ጉድ አፈላብኝ።

ዋናውን ሒሳብ ሹም ሁላችንም «ኡስታዝ» እንለዋለን፤ እዚህ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ነው። የካርቱሙ ጦርነት ሲፈነዳ ሚስቱንና ልጆቹን፣ አንዲት ሻንጣም ይዞ ከካርቱም መጣ። ድርጅታችን ካርቱም ላይ ዋና መሥሪያ ቤትና መጋዘን ነበረው። መጋዘኑ ተዘረፈ፣ ቢሮው ተቃጠለ፣ የምንገለገልበት የባንክ ቅርንጫፍም ከነኮምፒውተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ኡስታዝ ይህን ሁሉ እያወቀ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ የድሮውን ደንብ አልለቅም አለ። መጀመሪያ ካርቱም፣ ቀጥሎ ሽያጭና ባንክ፣ ቀጥሎ መጋዘን፣ ቀጥሎ ናፍጣና ትራክተር፣ መጨረሻ ላይ የጉልበት ሠራተኛ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይነካም። እንግዲህ አስቡት፤ ፀሐይ ላይ ሰሊጥ ያጨደ ሰው የልፋቱን የሚያገኘው የተቃጠለ ቢሮ ሒሳብ ሲመጣጠን ነው። ኧረ በእናታችሁ!

በዚያ ዓመት አጨዳው ካለቀ ሰነባብቷል። ነዶው ተራግፎ፣ ጆንያው ተሰፍቶ፣ ሰሊጡ መጋዘን ገብቷል። አጫጆቹ ግን ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለችው የሻይ ዳስ ሥር ተኮልኩለው ቀርተዋል። ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ተጨናንቀው ቦክሲ የምንላትን አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ቢሞሉ ነው። አለቃቸውን «አያ ካቦ» እለዋለሁ፤ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ነገር የሚያውቅ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

«እንዴት አደርሽ እቴ? ዛሬስ ምን ይላሉ?»

«ቡክራ ይላሉ፤ ነገ።»

«ይህ ቡክራ የሚሉት ቀን ኧረ መቼ ነው የሚውለው?» ይልና ይስቃል። የሚስቀው ጥርሱ ነው እንጂ ዐይኑ አይስቅም።

ልጁን በጥር ሊድር ነው። ቀኑ ተቆርጧል፣ ዘመድ ተጠርቷል። አንድ ቀን እንዲያው ነገር ለማምጣት ያህል «አንተ ባትደርስስ ትዳራለች ወይ?» አልኩት።

«ትዳራለች እንጂ ምን ትሆናለች። አጎቷ አለላት።» ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረ። «እኔ ግን ባዶ እጄን ከምገባ ብቀር ይሻለኛል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የት ከርመህ መጣህ ሲለኝ ምን ልበል? ለሰው ሰሊጥ ሳጭድ ከርሜ፣ ይኸው ጣቴን ይዤ መጣሁ ልበል?»

ጣቶቹን ዘረጋልኝ። የሰሊጥ አገዳ ልጦ ልጦ ያቆሰላቸው ጣቶች ናቸው። አንጀቴን በላው። ከዚያ ተናደድኩ፤ እኔ ሳዝን የምጨርሰው ሁልጊዜ በንዴት ነው። ቢሮ ስገባ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ኡስታዝ ፊት ቆምኩ።

«የአጫጆቹን ሒሳብ ለብቻው እንዝጋው» አልኩት። በአረብኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ከትልቅ ሰው ጋር መጣላት የሚቀለኝም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ሒሳብ አንድ አካል ነው። እግሩን ለብቻው አትቀብሪውም።»

«ማን ቅበር አለህ? በሕይወት ያለውን ከሞተው እንለየው ነው የምልህ!»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሲናደድ የሚያደርገው ይህን ነው። እውነት ለመናገር ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። አጫጆቹ በሥራው ወራት ከመጋዘን ዱቄትና ስኳር እየወሰዱ በልተዋል፤ ያ ከሒሳባቸው ይቀነሳል። የመጋዘኑ ቆጠራ ሳያልቅ እነሱን ከፍለን ብንሸኝ፣ ነገ ጉድለት ቢገኝ ማን ይጠየቃል? «ድንበር ተሻግረው ጎንደር ድረስ ሄደሽ ዱቄቴን መልሱ ልትይ ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰንብቼ አሰብኩበት። ሒሳቡ የተቆላለፈው ዱቄቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ብቻ ነው፤ ታዲያ ቁልፉ መፈታት ያለበት እዚያው ላይ ነው። ሒሳቦቹን በየወገናቸው አምስት ቦታ ከፈልኳቸው፤ ለእያንዳንዱም ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው አቆምኩለት። ከዚያ አንድ ቀን ቆረጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ኩባያ ስኳር እንኳ ከመጋዘን ወደ አጫጆቹ አያልፍም። ከዚያ በፊት ያለፈውን ሁሉ መሸጋገሪያ ብዬ በከፈትኩት ሒሳብ ላይ አሰፈርኩና እኔና መጋዘን ጠባቂው ፈረምንበት። በኋላ ልዩነት ቢገኝ ጣጣው የሁለታችን ነው፤ አያ ካቦን ማንም አይደርስበትም። እንዲህ ከሆነ መጋዘኑ ቆጠራውን፣ ትራክተሩ ናፍጣውን፣ ሽያጩ ባንኩን በየፊናው ይጨርስ። ካርቱምም ብቻውን ይቀመጥ።

ኡስታዝ ወረቀቱን አነበበና «ጥሩ ነው» አለ። «ግን ካርቱም ሳይዘጋ...»

ጥዬው ወጣሁ። በቀጥታ የሄድኩት ወደ ድርጅቱ ባለቤት ወደ ሐጁ ነው። ሐጁ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ስለ ሒሳብ አሠራር ብነግረው እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ፤ የከብት ነገር ግን ከመቃብርም ያስነሳዋል።

«ሐጅ፣ ግመልም አለህ፣ ፍየልም አለህ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ግመልህ ጠፍቶ ቢቀር፣ እስኪገኝ ድረስ ፍየሎቹን ውኃ ትከለክላቸዋለህ?»

ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ወላሂ አልከለክልም! ምን በድለውኝ?»

«ካርቱም ጠፍቷል፣ ሐጅ። ፍየሎችህ በርህ ላይ ተጠምተው ቆመዋል።»

ሰዎቹን ፍየል ማለቴ ወዲያው ታወቀኝና አፈርኩ፤ ግን ሠራልኝ። ሐጁ እየሳቀ ለኡስታዝ ደወለለት። ኡስታዝም ተሸነፈ፤ ሲሸነፍ ግን በባዶ አልተሸነፈም፣ ማሰሪያ አበጀለት። «ሐሙስ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት የአጫጆቹ ሁሉ አሻራ ያርፋል። አንድ ሰው ከጎደለ ሒሳቡ ክፍት ነው፤ ተመልሶ ከካርቱም ኋላ ይሰለፋል።»

«እሺ።»

«ወላሂ በይ።»

«ማርያምን!» አልኩት በአማርኛ። ቃሉ ባይገባውም አቋቋሜ ገብቶታል።

ረቡዕ ጨረስኩት። የሁሉም ድርሻ ተሰላ፣ ተመሳከረ፣ ገንዘቡም ከሳጥን ገባ። በደስታ የምሆነውን አጥቼ ወጣሁና የሻይ ዳሷን ባለቤት በሩቁ ጠራኋት። ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የመጣች ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በትግርኛ ቢሆንም አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አጫጆቹ ሌላ ቦታ የቀን ሥራ ሊሞክሩ ሄደው አልተመለሱም ነበር።

«ሲመጡ ሒሳባችሁ ተዘግቷል ብላችኋለች በያቸው!» አልኳትና ወደ ቤቴ በረርኩ። ቢሮ ውስጥ «ሒሳቡ ተዘጋ» ከተባለ እልል የሚያሰኝ ነው። «ኑና ውሰዱ» ብሎ መጨመሩ እንኳ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድም ሰው የለም። ኡስታዝ የአሻራ ቀለሙን ከፍቶ፣ ሳጥኑን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ረፋዱ ላይ «የት አሉ ሰዎችሽ?» አለኝ። እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ሄዱ እኮ» አለችኝ ባለሻይዋ።

«ወዴት?»

«ወደ አገራቸው ነዋ። ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና በድንበሩ መንገድ ወደ ዶካ ሄዱ።»

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ያልሽኝን። ‹ሒሳባችሁ ተዘግቷል ብላችኋለች› አልኳቸው። ካቦው ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ‹ዘጉን በለኛ› አለ። ከዚያ ዕቃቸውን ጠቀለሉ።»

ዘጉን! ሳኮርፋት እናቴ ጎረቤት ለጎረቤት «ልጄ ዘጋችኝ» እያለች ስታማኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዘጋ ማለት ፊት ነሳ፣ ቆረጠ፣ አልሰማሁህም አለ ማለት እንደሆነ አጥቼው ነው? ግን ያን ዕለት ስናገር የነበረው በአረብኛ የሚደምረው ጭንቅላቴ ነበር፤ አፌ ብቻ ነው አማርኛ ያወራው። ጎንደሬው ደግሞ የሰማው በጎንደሬ ጆሮው ነው። ለአያ ካቦ ደወልኩ፤ ኔትዎርኩ እንደ ልማዱ የለም።

ተመልሼ ገባሁና ሳጥኑን ስጠኝ አልኩት ኡስታዝን። «ዶካ ድረስ ወስጄ እከፍላቸዋለሁ።»

«ገንዘብ ከዚህ በር አይወጣም።»

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ!»

«ሰዓቱን አትርሺ» አለኝ ከኋላዬ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ባልጽፈው ይሻላል፤ ደግነቱ በአማርኛ ነበር።

ቦክሲ ተከራየሁ። ግራና ቀኙ የታጨደ ማሳ ነው፤ አገዳው ተቆርጦ እስከ ዐይን ማለቂያ ድረስ ጉቶ ብቻ። እያንዳንዷን ጉቶ ዶካ የሚጠብቀኝ ሰው የቆረጣት ይመስለኝና ልቤ ይቃጠላል። ኬላው ላይ አንድ ወታደር መስኮቱን አንኳኳ።

«ሐበሺያ ነሽ? ወዴት ነው?»

«የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው፤ አንተስ የት ነው የተወለድከው?» አልኩት። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ወታደሩ የመኖሪያ ካርዴን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ መቼም የፊቴ ነገር ሳያስፈራው አልቀረም፣ መለሰልኝ።

ዶካ ስደርስ የጭነት መኪናው አልተነሳም፤ ሞልቶ እስኪጫን እየጠበቀ ነበር። ሰዎቼ በጥላው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሳያቸው በደስታ ጮህኩ። አያ ካቦ አየኝ። ካየኝ በኋላ ፊቱን አዞረ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እቴ» የሚለኝ ሰው፣ እንደማያውቀኝ ሰው ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በራሴ ላይ አየሁት።

«አያ ካቦ!»

አልዞረም።

«አያ ካቦ፣ ሒሳባችሁ እኮ ደርሷል! ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ነው!»

«ተዘጋ አላልሽም?» አለ፣ አሁንም ሳያየኝ።

«ተዘጋ ማለት... በቢሮ ቋንቋ... ተጣራ፣ አለቀ፣ በቃ...» ተንተባተብኩ። ንዴቱም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣብኝ። «ተዘጋጀ! ተዘጋጅቷል ነው የምልህ! ምን ልበልህ ሌላ? ተ-ዘ-ጋ-ጀ!»

ከተደረደሩት አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አያ ካቦ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ዞረና ዐይን ዐይኔን አየኝ።

«እቴ፣ አንች ክፉ አይደለሽም። ቡክራ እያሉ ያከረሙን ሰዎች ግን የአንችኑ ጌቶች ናቸው። አሁን ብንመለስ ይህ መኪና ይሄዳል። የገላባት ድንበር መንገድ ደግሞ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ የሚያውቅ የለም። ተመልሰን ደግሞ ቡክራ ቢሉንስ? ገንዘቡም ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ ማለት ነው።»

ትክክል ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልመለስም ነበር። ቃል ብሰጠው ቃሌ ከትናንት ወዲህ ረክሷል። ቦርሳዬን ከፈትኩና የመኖሪያ ካርዴን አወጣሁ። ያለ እሷ እዚህ አገር ከቤቴ እስከ ገበያ አልደርስም፤ አያ ካቦም ይህን ያውቃል።

«ያዝ። አሻራህን አሳርፈህ ገንዘብህን እስክትቀበል አንተ ጋ ትሁን። ካልከፈሉህ ይዘሃት መተማ ግባ፤ እኔም እስር ቤት እገባለሁ።»

ሰው «ተይ፣ አንችን አምናለሁ» የሚል መስሎኝ ነበር። የታባቱ! ካርዷን ተቀበለኝ፣ ፎቶዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከደረት ኪሱ ከትቶ ቆለፋት። ከዚያ «ተነሡ እንግዲህ» አላቸው። እንዲያውም ወደድኩት።

ገዳሪፍ ስንገባ የመስጊዱ የከሰዓት ጸሎት አዛን ካለቀ ቆይቷል። የቢሮው ሰዓት አልፏል። እንባዬን ውጬ፣ ለኡስታዝ የምወረውርለትን ስድብ በአረብኛ እየደረደርኩ ከመኪናው ዘለልኩ። የግቢው በር ግን ክፍት ነበር። ኡስታዝ ወንበሩን አውጥቶ በሩ መሐል፣ አንድ እግሩ ከውስጥ አንድ እግሩ ከውጭ፣ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰዓቱ አልፏል» አልኩት እልህ ይዞኝ፤ እሱ ከማለቱ በፊት ልቅደመው ብዬ።

ባዶ አንጓውን አሳየኝ። «የእኔ ሰዓት ካርቱም ቀርቷል። ኸላስ፣ በቃ፣ ይሰለፉ።»

አንድ በአንድ ጣታቸውን እየነከሩ ተቀበሉ። አያ ካቦ የመጨረሻው ነበር። ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ካርዴን አወጣና ቀለም በነካው ጣቱ ይዞ ሰጠኝ፤ ምልክቱ ዛሬም ጠርዟ ላይ አለ።

«አሁንስ ተዘጋ?» አለኝ።

«አሁን ተዘጋ።»

ያን ጊዜ ነው የሳቀው፤ ዐይኑም ጭምር። በማግስቱ በሌላ መኪና ሄዱ። ማታውን ለእናቴ ሳወራላት ከሠራሁት ሁሉ ነጥላ የሰማችው አንዲቱን ብቻ ነው። «አንዲት ‹ጀ› አጥተሽ የሰው ሠርግ ልታፈርሽ ነበር? ይህን ነው ያስተማርኩሽ?» አለችኝ።

ጥር ሲገባ ከማዶ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። መጀመሪያ እልልታና ከበሮ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ አያ ካቦ እየጮኸ፣ «እቴ! ልጄን በእጄ ይዤ አስረከብኳት! ሰማሽ? በእጄ!» ይላል። ቢሮ ውስጥ ጮክ አድርጌ ከፈትኩት። ኡስታዝ ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቀኝና ተረጎምኩለት። ጎንበስ ብሎ መነጽሩን ጠረገ፤ ያን ቀን ግን አልተናደደም ነበር።

ሌሎቹም በየጊዜያቸው ተዘጉ። ናፍጣው፣ መጋዘኑ፣ በመጨረሻም ሽያጩ። የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ የተጠራቀመለትን ደመወዝ እየፈረመ ሲወስድ ኡስታዝ ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ያንተስ?» አልኩት።

«የእኔ ካርቱም ውስጥ ነው። እዚያ ስሠራ የቀረብኝ ነው፤ በዚያ ሒሳብ ነው የተያዘው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ካርቱም ሳይዘጋ...»

ደሜ ፈላ። ይህ ሰው ሁላችንም ከኋላው ነፃ ስንወጣ እያየ፣ የእኔን ወረቀት ሲፈርም፣ በሩ ላይ ሳጥን ታቅፎ ሲጠብቀን፣ አንድ ቀን እንኳ የእኔስ አላለም። ከፋፍዬ ከፋፍዬ እሱን ከተቃጠለው ቤት ጋር ብቻውን ቆልፌበት ነበር።

«ተወኝ እባክህ!» ብዬ ተነሳሁ። ሐጁ ጋ ሄጄ «ሌላ ፍየል አገኘሁ፤ በግመሉ ጥላ ሥር የተኛ ነው» አልኩት። ሐጁ ማንን ማለቴ እንደሆነ ሳልነግረው ገባው። ስመለስ የሰው ደመወዝ ለብቻው የሚዘጋበት ስድስተኛ ረድፍ ከፈትኩ። ከካርቱም ዕቃው፣ መኪናው፣ የባንኩ ጣጣ እዚያው ይቅር፤ ሰው ግን አይቀርም። አስልቼ፣ አመሳክሬ፣ ከሳጥን አወጣሁና ኡስታዝ ፊት አስቀመጥኩት።

«የእርስዎ ተዘጋጅቷል» አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ «እርስዎ» ልለው ስለፈለግኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ያችን ቃል አጫጆቹ ያን ሐሙስ ተሰልፈው ሲሳሳቁባት ሰምቷት ኖሯል።

«ተዛጋጀ?» አለ፣ ፊደሏን እያጣመመ።

«ተዘጋጀ።»

እስክሪብቶ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። የአሻራ ቀለሙን ወደ ራሱ ሳበና አውራ ጣቱን ነከረ።